የሐምሌ ፀሐይ

ቢያድግልኝ ግቢው ውስጥ የዘረጋውን ታጣፊ ሶላር እያየ እንትፍ አለ። «በደመናም ቢሆን መኪናህን ቻርጅ ያደርጋል» ያለው ነጋዴ አንድም ክረምት እንጅባራ አልከረመም። መብራት ከጠፋ ሰንብቷል፤ የኤሌክትሪክ ሚኒባሱ ባትሪውን ጨርሶ ጭቃው ላይ ተገትሯል፤ መለኪያውም ከዜሮ ንቅንቅ አላለም። ሶላሩን ወልውሎ ቀና ሲል ካፊያው መልሶ ያርሰዋል። 

ድንገት ጉሙ ተገለጠ። ቁጥሩ ዘለለ፤ እንደገና ዘለለ። «ማናዬ! ፀሐይ ወጣች፣ ቶሎ ነይ!» ብሎ ሚስቱን ጉዱን እንድታይለት ተጣራ። ማናየሽም በሐምሌ እንዲህ ተብሎ የተጠራ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ስጧን ታቅፋ ሮጠች። እሱ ዓይኑን ከመለኪያው ሳይነቅል ቁጥሩ ተመልሶ ዜሮ ሆነ። ዞር ሲል ሶላሩ አይታይም፤ በግቢው ጭቃ ያልነካው ነገር እሱ ብቻ ስለነበር ሰፌድ ሙሉ ብቅል ተሰጥቶበታል። ሊጠርገው እጁን ሲሰድ ሥሩ የተጠላለፈው እርጥብ ገብስ ጣቶቹ ላይ ተዝለገለገ፤ ኮምጣጣ ሽታው አፍንጫውን ሰነፈጠው።

«ምን ዓይነት ቆሻሻ ነው የምትደፊብኝ?»

«ፀሐይ የወጣችው ለአንተ ብቻ ነው?» አለች ሰፌዷን ወገቧ ላይ አስደግፋ። «ደግሞስ ብቅሉ ለምን መሰለህ? ‹ጎረቤት ጠርቻለሁ፣ ለመኪናዬ ምርቃት ጠላ ጥመቂ› ያልከኝ አንተ አይደለህ?»

ጉሙ ተመልሶ ግቢውን ከደነው። ቢያድግልኝ ጎንበስ ብሎ፣ አፍንጫውን በክንዱ ሸፍኖ፣ ንቅንቅ ለማትል መኪና ምርቃት የታሰበውን ብቅል በእፍኙ ወደ ሰፌዱ ይዝቅ ጀመር።