የምሳ ማገዶ

ነዳጅ የጫኑት ፉርጎዎች ከመንደሩ በላይ፣ ቁልቁለቱ ላይ ቆመዋል። ፍሬናቸው እየቆየ ስለሚለቅ፣ የባቡር ጣቢያው ዘበኛ ጠዋት ከየመንኮራኩሩ ስር የእንጨት ታኮ አስገብቶ ነበር።

ለምሳ ቤቱ ሲገባ ሽሮው ይንተከተካል።

«ዛሬስ እሳቱ ተንቦገቦገልሽ» አላት ሚስቱን፣ እጁን እየታጠበ።

«ግንድ የጫነው ባቡር የጣለውን እንደ ልማዳችን ልለቅም ብወጣ፣ ደረቅ ጥርብ እንጨት አላገኝ መሰለህ!»

«የት?»

«እዚያ ላይ፣ የቆሙት ፉርጎዎች ስር። ተቀርቅሮ አልወጣ ቢለኝ በድንጋይ እየመታሁ አወጣሁት።»

«ሁሉንም?»

«አንድም አላስቀረሁ።»

ውሃው ከእጁ እየተንጠባጠበ ወደ ምድጃው ዞረ።

«እሳቱን አጥፊ!»

«ምን ሆነሃል? ወጡ መች በሰለና?»

መደርደሪያው ላይ የተደረደሩት ብርጭቆዎች ይንቃጨሉ ጀመር።