የጥቁር እርሳስ አስተያየት

መምህርት አስቻለች ነገሌ ላይ ሥዕል ስታስተምር አንድ ነገር ብቻ አልሆን አላት፤ ውይይት። «እስቲ ስለ ዲንኪቱ ሥዕል ምን ትላላችሁ?» ስትል፣ አሥራ አራቱም ተማሪዎች ጫማቸውን ያያሉ። በየሳምንቱ ለተማሪዎቹ ሞዴል ሆነው ፊት ለፊት ቆመው የሚሣሉት ጡረተኛው የዱብሉቅ መስመር ሾፌር፣ ጋሽ ጂሎ እንኳ ያዝኑላታል።

ስለዚህ ውይይቱን ወደ ቴሌግራም ወሰደችው። የግሩፑን ሊንክ ሰሌዳው ላይ ጻፈች፤ ሥዕሎቹንም ፎቶ እያነሳች ለጠፈች።

ክፍል ውስጥ ዲዳ የነበረ ሁሉ ምላስ አወጣ። በተለይ ራሱን «ጥቁር እርሳስ» ብሎ የሰየመ አንድ ሰው።

«ይሄ አፍንጫ ነው ወይስ ጭነት የበዛበት አይሱዙ?» ብሎ ጻፈ። በማግስቱ ደግሞ፦ «ዲንኪቱ፣ ሰው ነው የሳልሽው ወይስ የደረቀ ቆዳ? እንዲህ ያረጀ ሰው ቆሞ አይሄድም።»

የዛፍና የከብት ሥዕል ሲለጠፍ ግን ትንፍሽ አይልም።

ዲንኪቱ ከሁሉም እጇ የተባረከ ልጅ ናት። በሳምንቱ መጥታ፣ «ቲቸር፣ ሥዕል ይቅርብኝ። ሻኪሶ ሄጄ የአክስቴን ሱቅ እጠብቃለሁ» አለች።

አስቻለችን ጸጸት በላት። ተሳዳቢው ማንም ይሁን ማን፣ በሩን የከፈተችለት እሷ ናት። ጥርጣሬዋ ፈሀድ ላይ አረፈ። ከእኔ ወዲያ ላሣር ባይ ነው፤ አባቱም አይሱዙ አለው።

«አንተ ነህ አይደል?»

«ወላሂ አይደለሁም፣ ቲቸር። እኔ ብሆን ከዚህ የባሰ እጽፍ ነበር።»

ሐሙስ ጠዋት ቆርጣ መጣች። ጋሽ ጂሎ «አካም» ብለው ገብተው፣ እጃቸውን የለበሱት ፎጣ ውስጥ ከትተው እንደ ወትሯቸው ተገተሩ። እሷ የተማሪዎቹን ስልክ አንድ በአንድ ሰብስባ ጠረጴዛዋ ላይ ደረደረች።

«ዛሬ የሚናገር ካለ በአፉ ይናገር። ፈሀድ፣ አንተን ነው።»

ሁሉም ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ። የእርሳስ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ዲንኪቱ ከሁሉም ቀድማ ጨረሰች፤ ይህ የመጨረሻ ሥዕሏ ነው። እየፈራች ወረቀቷን ከፍ አድርጋ ለክፍሉ አሳየች።

ፈሀድ ጫማውን አየ። የአስቻለች ስልክ ኪሷ ውስጥ ነዘራት፤ ጥቁር እርሳስ ነው።

«ዲንኪቱ፣ እጅሽ ይባረክ፤ አሁን ገና ሰው መሰልኩ። ሌሎቻችሁ ግን ቶሎ በሉ፣ እግሬ ደንዝዟል።»