አዳልጢትን ያመነ

አዳልጢት የምትባለው የገደሉ አምላክ ከዳተኛ ነበረች፤ የለመኗትን ሁሉ ገልብጣ ትሰጣለች። ምእመናኗ ግን አልተዋትም፤ ጠባይዋን ደርሰውበታል። ዝናብ ሲያምራቸው ድርቅ ይለምኗታል። ልጅ የፈለገችም "አደራሽን መሃን አድርጊኝ" ትላትና በዓመቱ ታዝላለች።

የማንጠግቦሽ ባል ደመላሽ ታሞ ሦስት ሳምንት ተኛ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሠራችውን ወጥ እየቀመሰ የእናቱን ሙያ ሲያወድስ የኖረ ሰው ነው። ማንጠግቦሽ የሰባ ሙክት እየጎተተች ወደ አዳልጢት ዋሻ ወረደች። እንባ እምቢ ቢላት ዓይኗን በሽንኩርት አሸችና ተንበረከከች።

"ያለ ደመላሽ መኖር አልችልም፤ መቶ ዓመት አኑሪልኝ" አለች።

ቤቷ ስትደርስ ደመላሽ አልጋው ላይ ተቀምጦ ምሳ ይጠይቃል። በማግስቱ ደግሞ በሬዎቹን ጠምዶ እርሻ ወጣ።

ማንጠግቦሽ እያለከለከች ወደ ዋሻው ተመለሰች።

"ምን በደልኩሽ? ሰው የለመነሽን መቼ ሰጥተሽ ታውቂያለሽ?"

"እንደ ልማዴማ ልገድለው ነበር" አለች አዳልጢት ከውስጥ፣ ሳቋን እየዋጠች። "ግን ባልሽም ከመታመሙ በፊት እዚሁ መጥቶ ነበር። አንቺ በተንበረከክሽበት ተንበርክኮ 'ያለ ማንጠግቦሽ መኖር አልችልም፤ መቶ ዓመት አኑሪልኝ' ብሎ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። አንጀቴን በላችሁት። የሁለታችሁንም ልመና እንዳለ ተቀብያለሁ።"