ባሕሩ ባረፈበት ማክሰኞ

«ማንም ጀልባ እንዳይነካ! ማክሰኞ ነው ብያለሁ!»

ወንድሜ ናር በትሩን አሸዋው ላይ ተክሎ፣ እጁን ዘርግቶ መንገድ ዘግቷል። መንደሩ በሙሉ ከኋላው ተሰብስቦ ወደ ባሕሩ ይንጠራራል። ማዕበሉ ከሚሰበርበት ትንሽ አለፍ ብሎ አንዲት ትልቅ የባሕር ኤሊ መረብ ተጠምጥሞባት ትንፈራገጣለች። ብቅ ትልና አየር ትስባለች፤ መረቡ መልሶ ወደ ታች ይጎትታታል።

ለምን እዋሻለሁ፣ በልቤ ደስ አለኝ። በኤሊዋ ስቃይ አይደለም፤ እሷማ አያቶቻችንን አሻግራ እዚህ ዳርቻ ያደረሰች ናት፣ እኛ የዳንግሜ ሕዝቦች እሷ ስትሞት ቆመን አናይም። ደስ ያለኝ የአሳ አጥማጆቹ አለቃ፣ የኔው ታናሽ ወንድም፣ ራሱ በሚያስከብረው ሕግ ስለታሰረ ነው። ማክሰኞ ባሕሩ ያርፋል። ጀልባ አይገባም፣ መረብ አይጣልም፣ ሰው እግሩን እንኳ አያረጥብም። አሳውም ይራባ፣ ባሕሩም ይተንፍስ ብለው የቀደሙት የደነገጉት ነው።

ባለፈው ወር ልጄ ቴዬ ማክሰኞ ማለዳ ሾልኮ ባሕር ገባና አጎቱ አየው። እህትህ ነኝ ብዬ ለመንኩ፣ እግሩ ላይ ወደቅኩ። ወይ ፍንክች! የልጄ ጀልባ ሦስት ወር አሸዋ ላይ ተደፍታ እንድትቆይ ፈረደ። ከዚያ ወዲህ ልጄ የሰው መረብ ሲጠግን ይውላል፤ ከአጎቱ ጋር ሰላምታ እንኳ የላቸውም።

«አንተ ናር፣ ምን ትጠብቃለህ?» አልኩት ሰው ሁሉ እንዲሰማ። «ሕጉን ንገራት እንጂ። እስከ ረቡዕ ትንፋሽሽን ያዢ በላት።»

ሰዉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

«እትዬ፣ በናትሽ ተይኝ።»

«አልተውህም! ለእህትህ ልጅ ያልጨነቀህ ሰው ዛሬ ምን አስጨነቀህ?»

ይህን ስል ማዕበሉ ኤሊዋን ወደኛ ገፋ አደረጋት፤ መረቡም ወለል ብሎ ታየኝ። የናይሎን ነው፣ በየቦታው በቀይ ክር ተቋጥሯል። በዚህ ዳርቻ መረብ በቀይ ክር የምጠግን እኔ ብቻ ነኝ፤ ያንን ደግሞ ለማን እንደጠገንኩት አልረሳሁም።

«ናር፣ ያ ያንተ መረብ አይደለም እንዴ? አርጅቷል፣ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት አላልከኝም?»

አሮጌ መረብ ባሕር ላይ የጣለ ወዮለት እያለ ስንቱን ያንቀጠቀጠ ሰውዬ፣ ጣቱን ሲያፍተለትል አየሁት።

«መቆፈሩ ታከተኝ» አለ በመጨረሻ። «ወገቤን ያመኝ ነበር። ከጀልባው ላይ ወርወር አደረግኩት። አንድ መረብ በዚህ ሁሉ ባሕር ምን ያደርጋል ብዬ ነው።»

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች!» አለች ጎረቤቴ ኮርኮር፤ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ።

ወንድሜ በትሩን ጣለ። የለበሰውን ኩታ ፈታ፣ በቁምጣ ቀረና ከነቦርጩ ባሕሩ ውስጥ ገባ። ሳቁ ቀጥ አለ። በሕይወቴ ማክሰኞ ቀን ባሕር ውስጥ የገባ አለቃ አላየሁም። ደርሶ መረቡን ሲጨብጥ ኤሊዋ ደንግጣ በክንዷ አጠናገረችው።

«ኧረ አለቃችንን በጥፊ መታችው!» ብላ ኮርኮር ጮኸች።

ወንድሜ ውሃ እየተፋ እንደገና ያዛት፤ በጥርሱም በጥፍሩም ይታገላል፣ ቋጠሮው ግን ንቅንቅ አይልም። የኔ ቋጠሮ እንዲህ በዋዛ አይፈታም! ኤሊዋ ደግሞ ብቅ ማለቷን እያቆመች ነው። እኔ እንጃ፣ እንዴት እንደገባሁ አላስታውስም፤ ቀሚሴን ሰብስቤ ደረቴ ድረስ ውሃ ውስጥ ነበርኩ። ኮርኮር ተከተለችኝ። ከዚያ ማን ቀረ? አሮጊቱም ጎረምሳውም ዘሎ ገባ። ገሚሱ ኤሊዋን ደግፎ ያዘልኝ፣ እኔ ቋጠሮውን አንድ በአንድ ፈታሁ። የመጨረሻው ሲላቀቅ አንዴ ትንፋሿን ስባ፣ ዞራ ሳታየን ጥልቁ ውስጥ ገባች። ተቃቅፈን ስንስቅ ማዕበል መጥቶ ደፋን፣ እንደገናም ሳቅን።

ናር ቀድሞን ወጣ። መረቡን እየጎተተ በቀጥታ ወደ ልጄ ሄደ። ቴዬ ከተደፋችው ጀልባው ላይ አልተነሳም ነበር።

«ቴዬ» አለው። «ማክሰኞ እግሩ የረጠበ ሰው በባሕር ጉዳይ አይመሰክርም፤ ሕጉን ታውቀዋለህ። ከመንደሩ ደረቅ የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ። ያየኸውን ተናገር። ጀልባዬን ካንተ ጀልባ አጠገብ ደፍቼ ሦስት ወር እቀመጣለሁ።»

ቅድም ቢሆን ኖሮ እልል እል ነበር። አሁን ግን ከቀሚሴ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ ምነው ልጄ ዝም ባለ እያልኩ እጸልያለሁ።

ቴዬ አጎቱን አየ፣ መረቡን አየ። ተነሳ። አጠገቡን አልፎ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ፣ ጉልበቱ ድረስ ባሕሩ ውስጥ ገብቶ ቆመና ዞረ።

«የምን ደረቅ ሰው ነው የሚሉት፣ አጎቴ?» አለ። «የመረቡን ጉድጓድ ግን ራስዎ ነዎት የሚቆፍሩት።»

ወንድሜ ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ ወደኔ ዞረ።

«እትዬ፣ ዶማ አለሽ?» አለኝ።