ሦስተኛው ቋሚ

ወይዘሮ ብዙነሽ ቤታቸውን ለማዳን የቀራቸው አራት ቀን ነበር። ልጃቸው ሐና እሁድ ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ ትመጣለች። በስልክ የተናገረችው ቁርጥ ያለ ነው፦ «እማዬ፣ ብቻሽን መኖር እንዳቃተሽ አንዲት ምልክት ካየሁ ይዤሽ እሄዳለሁ። ቤቱም ይሸጣል።»

ረቡዕ ጠዋት የሰፈራቸውን በያጅ ሱልጣንን አስጠሩት።

የበረንዳውን ጣሪያ የተሸከሙት አራት የብረት ቋሚዎች ናቸው። እግራቸውን ዝገት በልቶታል። ሱልጣን ሦስተኛውን በመዶሻ ቢነካው የእግሩ ዝገት ተፈርፍሮ ረገፈ።

«ሌሎቹን ከታች ቆርጬ አዲስ ብረት እቀጥልላቸዋለሁ» አለ። «ይሄ የደረጃው ራስ ላይ ያለው ግን ሙሉ በሙሉ ይቀየር። ቦታው ውሃ ያቁራል፤ ትንሽ ወደዚያ ላሽሸው?»

«እንዳታደርገው!» ብለው ጮኹ ወይዘሮ ብዙነሽ። ከዚያ ድምፃቸው ተሰበረ። «ቀይረው፤ ከቦታው ግን ንቅንቅ እንዳይል። በሞቴ ልጄ፣ ጣት ታህል እንኳ። እኔ የዚህን ቤት እያንዳንዷን ጥግ አውቃለሁ። ከዚህ ከወሰዱኝ በቁሜ ተቀበርኩ ማለት ነው።»

«ቀለሙስ?»

«የፈለግኸውን ቀባው።»

ሱልጣን ገረመው። ለቀለም ደንታ የሌለው ሰው ለቋሚ ቦታ ይለምናል?

ሟቹ ባላቸው አቶ ሽፈራው ወርቅ ሠሪ ነበሩ። ሲሞቱ ከሱቃቸው አንዲት ቀለበት እንኳ አልተገኘችም። ሰፈሩ ይህን ሲያወራ ስድስት ዓመቱ ነው።

ሐሙስና አርብ ሱልጣን ሌሎቹን ሦስት ቋሚዎች እየሠራ ወይዘሮ ብዙነሽን በጎን ይከታተላቸው ጀመር። ከቤት በወጡ ቁጥር ቋሚዎቹን በተራ መታ መታ ያደርጋሉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ሦስተኛው ጋ ሲደርሱ ጨብጠውት ትንሽ ይቆሙና ወደ ደረጃው ይዞራሉ። የበየደውን ሲያሳያቸውም ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው ያሹታል። ሰው ለብረት እንዲህ አይሳሳም፤ ከሥሩ ላለው ነገር ካልሆነ በቀር።

አርብ ከሰዓት የስልክ መልእክት ገባላቸው።

«እስቲ አንብብልኝ፤ መነጽሬን ውስጥ ትቼዋለሁ።»

«‹እሁድ አራት ሰዓት እደርሳለሁ። ያሰፋሽልኝን ቀሚስ ለብሼ ነው የምመጣው› ይላል።»

ስልኩን ተቀብለው ወደ ውስጥ ገቡ።

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ መብራት ጠፋ። ሦስተኛው ቋሚ ለእሁድ ጠዋት ተረፈ። ወይዘሮ ብዙነሽ ከጎረቤታቸው ከዘነበች ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ሱልጣን ብቻውን ቀረ።

ጣሪያውን በባሕር ዛፍ ደግፎ ቋሚውን ቆረጠ። ከዚያ ቆፈረ። አንድ ክንድ ቆፈረ። ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ሌላ ክንድ ጨመረ። ያገኘው ጥቁር ጭቃና አንድ የለስላሳ ቆርኪ ነበር።

ይባስ ብሎ የጉድጓዱ ጠርዝ ተናደ። እዚያ ላይ ሲሚንቶ ቢያፈስ እስኪደርቅ ቀናት ይፈልጋል፤ ሐና ደግሞ መንገድ ላይ ናት። ሱልጣን እያፈረ አፈሩን መለሰ፤ ላዩን በስሱ ለሰነው። አዲሱን ቋሚ አንድ ክንድ አሽሽቶ ጠንካራው ወለል ላይ በብሎን አሰረው።

ወይዘሮ ብዙነሽ ከዘነበች ጋር ተመልሰው ደረጃውን ሲወጡ የሚወርድበትን እርግማን አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ።

«ጨረስክ ልጄ?»

«ጨርሻለሁ እማማ።»

«ከቦታው አልተነቃነቀም አይደል?»

ሱልጣን ቋሚውን አየ። እሳቸውን አየ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብሎ ራሱን ብቻ ነቀነቀ።

«አልተነቃነቀም ወይ?»

«ኧረ አልተነቃነቀም።»

«እግዜር ይስጥህ! ነፍሴን ነው ያተረፍካት» ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። የልጅ ናፍቆት ልባቸውን ወስዶታል አለና ሱልጣን እፎይ አለ።

አራት ሰዓት ላይ የግቢው በር ተንቋቋ። ሐና ነጩን ጥልፍ ቀሚስ ለብሳ፣ እጆቿን ዘርግታ፣ በሩ ላይ ቆመች።

ወይዘሮ ብዙነሽ ብቻቸውን፣ ቀጥ ብለው፣ ፈገግ እያሉ ወጡ። አንደኛውን ቋሚ መታ አደረጉ። ሁለተኛውን መታ አደረጉ። ሦስተኛውን ሊጨብጡ እጃቸውን ሰደዱ፤ የጨበጡት አየር ነበር። እግራቸው ደረጃውን ሳተ። ከታች ዕቃውን ሲሰበስብ የነበረው ሱልጣን ዘሎ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ በሁለት እጁ ተቀበላቸው።

ሐና በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

«ሐናዬ! ቀሚሱ እንዴት አምሮብሻል!» አሉ ወይዘሮ ብዙነሽ፣ የሱልጣንን ቱታ ከላይ እስከ ታች እያዩ።