ለነብር የሚዋጠው ክኒን

ለትርሲት አቶ መንገሻ የዕለቱ ዘጠነኛ ደንበኛ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ምኞታቸው የህንዱን መስመራም ነብር በዓይናቸው ማየት ነው።

"እርግጠኛ ነሽ እናየዋለን፣ ልጄ?" አሏት በስልክ።

"ያያሉ አባቴ። ብቻ ጠረን የሚያጠፋውን ክኒን አርባ ቀን ሳያጓድሉ ይዋጡ። የሰው ጠረን ያለበትን ሰው ከፓርኩ በር ይመልሱታል። ነብሮቹ ሽታችን ከደረሳቸው ጫካውን ጥለው ይሄዳሉ፤ የቀሩትም ጥቂት ናቸው።"

"ጉዳት የለውም?"

"ምንም አያምም" አለች፤ ስንት ጊዜ እንዳለችው እንጃ። እሷ ራሷ አስጎብኚ ናትና ከወሊድ ፈቃድ ከተመለሰች ወዲህ ክኒኑን አቋርጣ አታውቅም።

ስልኩን ዘግታ ሻንጣዋን አነሳች። የዓመት ከመንፈቅ ልጇ ማኅደር አልጋ ላይ ትነጫነጫለች። ትርሲት በልጅነቷ እናቷ ሥራ ስትሄድ ታደርግላት እንደነበረው፣ ለብሳው ያደረችውን ነጠላ ልጅቷን አሳቀፈቻት። ማኅደር ነጠላውን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ አሸተተችው። ደግማ አሸተተችው። ከዚያ ወለሉ ላይ ወረወረችውና እሪ አለች።

ትርሲት በደከመ ወገቧ ጎንበስ ብላ አነሳችው። ወጥ ቤት ሽንኩርት የምትከትፈው እናቷ ዘንድ ሄዳ ትከሻዋ ላይ ደረበችላት።

"ምነው ልጄ፣ አልበረደኝም እኮ!"

"ይሁን እማዬ፣ ለብሰሽው ዋይ" አለች ትርሲት። "አንቺን አንቺን ሲሸት ለማኅደር ስጫት። የእናትሽ ነው በያት።"