የሦስት ቀን የሐዘን ፈቃድ

አለቃው ሰው ካልሞተ ፈቃድ ስለማይሰጡ፣ ዝዋይ ሄዶ ለመዝናናት ሲል የእናቱን ብቸኛ ወንድም፣ ጋሽ ድንበሩን ገደላቸው። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች እንዲያምኑት የጋሼን ፎቶ ከሻማ ጋር ኢንስታግራም ላይ ለጠፈና «ነፍስ ይማር» ብሎ ጻፈበት። ዘመዶቹ ያሉት ፌስቡክ ላይ ነው። ግን ባለፈው ወር ስልኩ «ሁለቱን ገጾች ላገናኛቸው?» ሲለው፣ ሳያነብ «እሺ» ብሎት ነበር።

ሐይቁ ዳር ያዘዘውን ዓሣ ሳይጨርስ ስልኩ ይጮህ ጀመር። የአክስቱ ልጅ፣ የሰፈር ሰው፣ አሁንም የሰፈር ሰው። ፌስቡክን ሲከፍት ሻማው እዚያም በርቷል። ፎቶውን አጠፋ፣ ስልኩን ዘጋና ሚኒባስ ላይ ዘሎ ወጣ። መንገዱን ሙሉ መቀመጫው እሾህ ሆነበት። «እግራቸው ላይ እወድቃለሁ፤ እማዬ ታስታርቀናለች» አለ በልቡ።

ሲደርስ እናቱ ግቢ ድንኳን ተጥሏል። ደጃፉ ላይ ጋሽ ድንበሩ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ሊወድቅ ሲያጎነብስ ክንዱን ይዘው አቆሙት።

«መርዶ የሚነገረው ማልዶ፣ ከሽማግሌ ጋር ተሂዶ ነበር» አሉት ዝቅ ባለ ድምፅ። «የእናትህ ልብ አልቻለም፤ የኔን ብቻዋን ነው ያነበበችው።»